መካኒሳ ጣሪያ ላይ የሞከርኩት ኢንተርኔት

ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ በራሴ ላይ ልመስክር። ከወሊሶ ወዲያ፣ አስፋልቱ አልቆ፣ ጠጠሩም አልቆ፣ ገደል ሥር ለተቀመጠ እርሻ የገዛሁትን የኢንተርኔት ዕቃ የሞከርኩት መካኒሳ፣ የገዛ ቤቴ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነው።

አዎ፣ ወጣሁ። በሰባ ሁለት ዓመቴ። መሰላል ከጎረቤት ተውሼ፣ ዕቃውን፣ በሲም ካርድ የሚሠራውን ራውተር፣ በፌስታል አንጠልጥዬ፣ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያውን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ቆርቆሮው ላይ ተቀመጥኩ። ሶኬቱን ስሰካው አረንጓዴ መብራት ቦግ አለ። ስልኬ ላይ መስመሮቹ ሁሉ ሞልተው ቆሙ። ደስታዬን አልቻልኩትም። እዚያው ቁጭ ብዬ አንድ የኳስ ጎል ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁ፤ አንዴም አልተቆራረጠም። ከዚያ ግቢው ውስጥ ቆማ አንጋጣ የምታየኝን የልጅ ልጄን በእጄ «በሦስት ቀን ውስጥ እናትሽን ታያለሽ» አልኳት።

መካኒሳ ላይ ኢንተርኔት እንዳለ ለማወቅ ጣሪያ መውጣት አያስፈልግም። ከቤቴ ጀርባ ያለው ፎቅ ላይ የተተከለው አንቴና ጥላው ከሰዓት በኋላ እኔ ግቢ ውስጥ ነው የሚያርፈው። ልብሳችንን የምናሰጣው በሱ ጥላ መካከል እየመረጥን ነው። እኔ ግን ዕቃው ጣሪያዬ ላይ ስለሠራ ገደል ሥርም ይሠራል ብዬ፣ በካርቶን ጠቅልዬ፣ በማግስቱ ለአውቶቡስ ሹፌር አደራ ብዬ ላክሁት። አርባ ዓመት ደሞዝ የበላሁት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተረክቤ እያስረከብኩ ነው። «ዕቃው የት ነው የሚውለው?» ብዬ ሳልጠይቅ አንድ ብሎን አውጥቼ አላውቅም ነበር።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጆሮዋ አይሰማም። እናቷ ልጄ ናት፤ ከባሏ ጋር ወንዝ ዳር መሬት ተኮናትረው ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታሉ፤ ጥቂት ላሞችም አሏቸው። በዚያ አካባቢ መስማት ለማይችል ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት ስለሌለ፣ ከሁለት ዓመት በፊት እኔ ዘንድ አምጥተው እዚህ ሰፈር አስገቧት። የሚስቴ ነፍስ በሰላም ትረፍና፣ እሷ ከሄደች በኋላ ቤቱ ውስጥ እኔና ሬዲዮኑ ብቻ ነበርን። ልጅቷ ስትመጣ ሬዲዮኑ ሥራ ፈታ።

ለሰው ሁሉ የእጅ ስም ታወጣለች። የእኔ ስም እንዲህ ነው፦ ጣቶቿን አገጯ ሥር ሰብስባ ታንጠለጥልና አፏን እንደምታመነዥክ ፍየል ታንቀሳቅሳለች። ጢሜን ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ማመንዠኩ ግን ከጢሜ ጋር ምን አገናኘው?

እሷና እናቷ ግማሹን ከትምህርት ቤት የተማሩት፣ ግማሹን ራሳቸው የፈጠሩት የእጅ ቋንቋ አላቸው። እርሻው ላይ ስልክ ድምፅ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ እሱም እየተቆራረጠ። ስለዚህ እሁድ እሁድ ልጄ ትደውላለች፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቼ ለልጅቷ በእጄ እነግራታለሁ፣ እሷ በእጇ የምትለውን ደግሞ ለእናቷ በአፌ እመልሳለሁ። አስተርጓሚ ማለት እኔ ነኝ። ልጅቷ የእጄን አነጋገር «ዝንብ የሚያባርር ሰው» ትለዋለች። ይሁን። ዝንብ እያባረርኩም ቢሆን እንግባባ ነበር።

እስከ ጥጃዋ ድረስ።

ልጅቷ እርሻው ላይ የራሷ ጥጃ ነበረቻት። ኅዳር ላይ ጥጃዋ ሆዷ ተነፍቶ በአንድ ሌሊት ሞተች። ልጄ እሁድ ደውላ፣ «አባባ፣ ቀስ ብለህ ንገራት» አለችኝ። ልጅቷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እጄን እጄን ታያለች። እኔም ቀስ ብዬ፣ «ጥጃሽ አድጋለች፣ ሣር መብላት ጀምራለች» አልኳት። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ጠየቀችኝ። አንዴ የተጀመረ ውሸት ማቆሚያ የለውም። አራት እሁድ ሙሉ የሞተች ጥጃ አበላሁ፣ አጠጣሁ፤ አንድ ቀን እንዲያውም አጥር አዝልዬ የጎረቤት ማሳ ውስጥ ከተትኳት። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። እናቷ በስልኩ «ምን አስቃት?» ስትለኝ «ሳል ነው» አልኩ።

ለገና እርሻው ሄደች። ስትመለስ ሰላም አላለችኝም። እጄን አንስቼ ልናገር ስል ዓይኗን ጨፈነች። በጆሮው ለማይሰማ ሰው ዓይኑን መጨፈን ማለት በሩን በሰው ፊት መዝጋት ማለት ነው። ሦስት ቀን በሩ ተዘጋብኝ። በአራተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ የተናገረችው ይህን ነበር፦ «አንተ የምትለው ሁሉ ውሸት ነው። የእናቴን እጅ ካላየሁ እዚህ አልቀመጥም።»

ለልጄ ይህን ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳት። ይህኛው ትርጉም ትክክል ነበር። እሷም «አባባ፣ እስከ ፋሲካ እንሞክር» አለች። «በቪዲዮ የምታየኝ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ አወጣታለሁ። እንዲህ ሆና ምን ትማራለች?»

ብትወጣ የሚጠብቃት ሽንኩርት መልቀም ነው። ገና ስሟን በእጇም በእስክሪብቶም መጻፍ የቻለች ልጅ! በማን ጥፋት? በእኔ። ስለዚህ ያን ዕቃ ሳልጠይቅ ሳልመረምር የገዛሁት፣ ጣሪያም የወጣሁት እንደ እብድ እየሮጥኩ ስለነበር ነው። ይህ ማብራሪያ እንጂ ይቅርታ መጠየቂያ አይደለም።

ዕቃው በደረሰ ማግስት ልጄ ደወለች።

«አባባ፣ ቀይ ነው።»

«ምኑ?»

«መብራቱ። ቀይ ብቻ ነው የሚያበራው።»

«አረንጓዴ ነው እኮ! እኔ በዓይኔ ያየሁት!»

«የት ሆነህ ነው ያየኸው?»

«ጣሪያ ላይ።»

ባሏ ከጎኗ ሆኖ ሲስቅ ሰማሁት። አማቼ ጨዋ ሰው ነው፤ ሲስቅብኝ እንኳ ስልኩን አርቆ ነው።

ተናድጄ ታክሲ ተሳፈርኩና ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ ዕቃውን የሸጠልኝ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ጸጉሩን አሳምሮ የተቆረጠ ወጣት ነው። ገና በር ላይ ሆኜ መጮህ ጀመርኩ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች የስልክ ሽፋን መምረጣቸውን ትተው እኔን መምረጥ ጀመሩ።

«አገሩን በሙሉ ይሸፍናል አላልከኝም?»

«ፋዘር፣ ረጋ በሉ። ዕቃው ምን ሆነ?»

«ቀይ!»

አንድ ተመሳሳይ ዕቃ ከመደርደሪያ አውርዶ ሰካው። አረንጓዴ። «ይኸው፣ ይሠራል» አለኝ።

«እዚህማ ይሠራል! እዚህ እኮ ጥርስህ ውስጥ ሽቦ ብትሰካም ይሠራል! እኔ የምልህ ገደል ውስጥ ነው!»

«ገደል መሆኑን መቼ ነገሩኝ?»

መልስ ያጣ ሽማግሌ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ስለ ዘመኑ ልጆች አስተዳደግ ጮክ ብዬ አንድ ንግግር አድርጌ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል። አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ መሐንዲስ ነው ሲሉኝ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ በዚህ ጉልበት ወጣሁ። ሻይ አቀረበልኝ። ወረቀት አወጣ።

«ስንት ሜጋ ነው የሚፈልጉት አባባ?»

«የአንዲት እናት ሁለት እጅ የሚያሳይ ስንት ሜጋ ነው?»

ሳቀ። የቀለድኩ መሰለው። ከዚያ ስለ ፋይበር፣ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ወርኃዊ ጥቅል አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ። ፋይበር የሚባለው ገመድ እርሻው አጠገብ የሚደርስበትን ጊዜ ስጠይቀው ጣሪያውን አየ። ወረቀቱ ላይ የሳለልኝን ቤት አሁንም አስቀምጬዋለሁ። ባለ አንድ ፎቅ፣ ጋራዥ ያለው ቤት ነው። ልጄ የምትኖረው ጭቃ ቤት ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ደላላ መጣ። ደላላ ሳይጠሩት ነው የሚመጣው፤ ችግር እንዳለብህ በአየር ላይ ያሸትታል። ከድንበር የገባ ሳህን አለኝ አለ፤ ከሰማይ በቀጥታ ከሳተላይት የሚቀበል፣ ገደል ሆነ ተራራ የማያግደው።

«ወረቀት አለው?» አልኩት።

«ፋዘር ደግሞ፣ ወረቀት ምን ያደርጋል? የመጣ ሰው ቢጠይቅ የበርበሬ ማስጫ ነው በሏቸው።»

አልዋሽም፣ ልቤ ተንቀሳቅሶ ነበር። ለመዋሸት ያለኝን ችሎታ ታውቃላችሁ፤ የሞተች ጥጃ አጥር ያዘለልኩ ሰው ሳህኑን የበርበሬ ማስጫ ለማድረግ አልቸገርም። ያስቆመኝ አንድ ነገር ነው። ሳህኑ ቢያዝ የሚገኘው በእኔ ሳይሆን በልጄ ጣሪያ ላይ ነው። ደላላውን አሰናበትኩት። ሲወጣ «ይቆጭዎታል» አለኝ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ለአንድ ሳምንት ያህል እውነትም መቆጨቴ ነው።

መጋቢት ጋመሰ። ልጅቷ የሁዳዴን ቀኖች በግድግዳው ላይ በጠመኔ ትቆጥራለች። ፋሲካን የምትጠብቀው እንደ ሌላው ልጅ ዶሮ አምሯት አይደለም፤ ከእኔ ለመገላገል ነው። የደብተር ቦርሳዋን ባዶ አድርጋ ልብስ ማጠፍ የጀመረች ቀን፣ እሷን ለጎረቤቴ ለአንዲት ወይዘሮ አደራ ሰጥቼ፣ ሁለት ዓይነት ሲም ካርድ ኪሴ ውስጥ ከትቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

እርሻው ስደርስ ልጄ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነበረች። አቅፋ ሳመችኝና፣ ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ በቤቱ ዙሪያ መዞር ስጀምር ወገቧን ይዛ ቆማ ታየኝ ጀመር። በረቱ ጋ ምንም። ጓዳው ጋ ምንም። የመጸዳጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ልወጣ ስል፣

«አባባ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ኔትወርክ እፈልጋለሁ።»

«እሱማ ኩይሳው ላይ ነው።»

«የትኛው ኩይሳ?»

ከማሳው በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ምስጦች የሠሩት ቀይ የአፈር ክምር ቆሟል። አካባቢው በሙሉ ያውቀዋል። የቀን ሠራተኞቹ ወደ ቤተሰቦቻቸው፣ ልጄም ወደ እኔ የሚደውሉት እዚያ ወጥተው ነው። እግራቸው የቆፈረው መወጣጫ ራሱ አለው። ቤቱ ያለው ጎድጓዳ ውስጥ፣ ኩይሳው ያለው ከገደሉ አፋፍ በላይ ነው። ከኩይሳው ቀጥታ ማዶ፣ የወንዙን ሸለቆ ተሻግሮ፣ የትንሿ ከተማ አንቴና ቀይ መብራት በዓይን ይታያል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩባት። አንድ ሙሉ ወር ተኩል ያጠራቀምኩት ንዴት ሁሉ እሷ ላይ ወረደ።

እሷም አልቻለችም። «መቼ ጠየቅኸኝ? ሹፌር ጠየቅህ፣ ሻጭ ጠየቅህ፣ መሐንዲስ ጠየቅህ፣ ደላላ ጠየቅህ! እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ! ‹ዕቃ ልኬያለሁ፣ ሰኪው› አልከኝ፣ ሰካሁት! ቀይ ነው ስልህ ጮህክብኝ፣ ዘጋህ!»

አማቼ ጎንበስ ብሎ ምንም ያልነበረበትን የውሃ ቦይ መጥረግ ጀመረ።

ልክ ነበረች። ኩይሳው ላይ ወጣን። የመጀመሪያውን ሲም ስንሞክር ኢንተርኔት የለም። ሁለተኛውን ስንሞክር ሁለት መስመር መጣ፤ ስልኩን ክንዷን ዘርግታ ከፍ ስታደርገው ሦስት። ከዚያ ከፍ ቢልስ? ለአንድ እርሻ የሚሆነው ኢንተርኔት ምርጫ በዚህ አለቀ። ሱቅ ውስጥ ሳይሆን የምስጥ ቤት ላይ፣ በልጄ ክንድ ርዝመት።

የጎደለው ረጅም እንጨት ነበር። አማቼ ወደ ጎረቤቶች ሄዶ ሲመለስ አራት ሰዎችና ስምንት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ይዞ መጣ። እንጨቱ የአንድ እኩያዬ የሚሆኑ ገበሬ ነው። ለጎተራቸው ያዘጋጁት ነበር። በደቦ እንተክላለን አሉ፤ ማለት ዛሬ እነሱ ለእኛ በነጻ ይሠራሉ፣ ነገ እኛ ለእነሱ። ጉድጓድ ተቆፈረ። ያንኑ ቀይ ያስለቀሰኝን ራውተር፣ ሁለተኛውን ሲም አግብተንበት፣ ዝናብ እንዳያገኘው ከሥር በተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ከተትነው፣ እንጨቱ ጫፍ ላይ አሰርነው፣ ከቤቱ የሶላር መብራት ባትሪ ገመድ ስበን አገናኘነው። ሲያቆሙት እኔም ለመርዳት ገመዱን ያዝኩ። እኩያዬ ዞር ብለው አዩኝና፣ በኦሮምኛ ሽማግሌ ብለው ጠርተውኝ፣

«ጃርሳ፣ አንተ ገመዱን ይዘሃል ወይስ ገመዱ አንተን ይዞሃል?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ ገመዱን አልለቀቅሁም፤ ብለቅ እወድቅ ነበር።

እንጨቱ ቆመ። ጀሪካኑ ውስጥ አረንጓዴ በራ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መካኒሳ ለወይዘሮዋ ደወልን፤ ስልኳን ልጅቷ ፊት እንድታቆምላት ነገርኳት። ልጄ ወንዝ ወርዳ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። ስልኩን ኩይሳው ላይ አስደግፈን እሷ ፊቱ ቆመች። መጀመሪያ የልጅቷ ፊት ደርቆ ቀረ፤ አንድ ዓይኗ ብቻ ተገልጦ፣ ሌላው ተጨፍኖ። ከዚያ ተንቀሳቀሰች።

እናትየው እጇን አነሳች።

ምንም ድምፅ የለም። ደቦ የመጡት ሰዎች የሚያዳምጡት ነገር ያለ ይመስል ዝም አሉ። የልጅቷ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ጥጃዋ ነበር። ልጄ ነገረቻት። በየትኛው ሌሊት እንደታመመች፣ ምን እንዳጠጧት፣ አባቷ ጭንቅላቷን እንዴት ይዞ እንዳደረ፣ የት እንደቀበሯት። ለገና ስትሄድ ያገኘችው ጥጃዋ የሌለችበትን በረት ብቻ ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ ያልነገራት ነገር ይህ ነበር። ልጅቷ አለቀሰች፤ እናትየውም። ግን ዓይናቸውን አልጨፈኑም። እኔ የማውቀው እጅ ዝንብ ሲያባርር ነው። ይህ ግን ሌላ ነበር።

ቆይታ ልጅቷ አገጯ ሥር ጣቶቿን ሰብስባ አመነዠከች። እናቷ በእንባዋ መሃል ሳቀች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ፍየሉ አጠገብሽ አለ ወይ? አለች።»

«አዎ በያት።»

«አልኳት። ‹ገደሉ ጋ እንዳይሄድ ያዢው› አለች።»

ፋሲካን እርሻው ላይ ውላ፣ ቦርሳዋን ደብተር ሞልታ ተመለሰች። ዓመቱን ጨረሰች። አሁን ክረምት ነው፣ እናቷ ጋ ናት። በመስከረም እንደምትመለስ ራሷ በእጇ ነግራኛለች፤ ይህን በአስተርጓሚ አልሰማሁትም። ማታ ማታ ከኩይሳው ሆና ትደውልልኛለች፣ እኔም መካኒሳ ሆኜ እንደምንም ዝንቤን አባርራለሁ። አንድ እንጨት ለመትከል አገር ምድሩን መጮሄ ግን አሁንም ያናድደኛል።

የሚቀሩኝ የባሕር ዛፉ ባለቤት ናቸው። የዚያን ቀን ለእንጨቱ ገንዘብ ሳወጣላቸው እጄን ገፉት። «የከተማ ሰው ከፍሎ ይጠፋል» አሉኝ። «የሦስቱን ሰዎች ደቦ አማችህ ይመልስ። የእኔን የምትመልሰው አንተ ነህ። የጤፍ አረም ሲደርስ አንድ ቀን።» ቀልድ መስሎኝ እሺ አልኩ። ትናንት ከልጅቷ ጋር እያወራሁ ሳለ እሳቸው ከጎኗ ብቅ ብለው ፊታቸውን ቪዲዮው ውስጥ አስገቡ።

«ጃርሳ! አረሙ ደርሷል!»

«ጉልበቴን ታምሜ ነው» አልኳቸው።

«አሁን ከወንበሩ ተነስተህ በር ስትከፍት አይቼሃለሁ» አሉኝ።

ድሮ በድምፅ ብቻ ስንደዋወል ቢሆን ኖሮ አልጋ ላይ ነኝ እላቸው ነበር። ቅዳሜ እሄዳለሁ ብያለሁ። ይህን የምጽፈው ማክሰኞ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ጤፍ ማረም አሁንም አለብኝ።